የኃይል ፍሰት በጣና ሐይቅ ሥርዓተ ምህዳር

የኃይል ፍሰት ማለት ከፀሐይ የሚመጣው ኃይል በዕፀዋትና በዋቅላሚ (አልጌ) ተይዞ፣ በመብላትና በመበላት ከአንዱ ሕያው ነገር ወደ ሌላው እየተላለፈ፣ በመጨረሻም ሙቀት ሆኖ ከሥርዓተ ምህዳሩ የሚወጣበት ሂደት ነው። በጣና ሐይቅ ይህ ሂደት የሚጀምረው በውኃው ላይ ከሚንሳፈፉ፣ በዓይን ከማይታዩ ዋቅላሚዎችና በዳርቻው ከሚበቅለው ደንገል ነው። ከዚያም በጥቃቅን የውኃ እንስሳት፣ በዓሦች፣ በአዕዋፍና በሰው በኩል ያልፋል።

በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በደምቢያ ወረዳ የምትገኘው ጎርጎራ ይህን ፍሰት ለመረዳት አመቺ ቦታ ናት። ክፍት ውኃው፣ የደንገልና የሣር ዳርቻው፣ የደምቢያ ሜዳ እርሻና በስተምሥራቅ በኩል የመገጭ ወንዝ መግቢያ ሁሉም በቅርብ ርቀት ይገኛሉ። በእያንዳንዳቸው ላይ የሚደርስ ለውጥ አስጋሪው በመረቡ ውስጥ በሚያገኘው ዓሣ ብዛት ላይ ይንጸባረቃል።

መሠረተ ሐሳብ

የኃይል ፍሰት በሁለት የፊዚክስ ሕጎች ይመራል። በመጀመሪያው ሕግ መሠረት ኃይል አይፈጠርም፣ አይጠፋምም፤ ከአንድ መልክ ወደ ሌላ መልክ ይለወጣል እንጂ። በሁለተኛው ሕግ መሠረት ደግሞ ኃይል መልኩን በለወጠ ቁጥር ከፊሉ ሕያዋን መልሰው ሊጠቀሙበት ወደማይችሉት ሙቀት ይለወጣል። በመሆኑም ማንኛውም ሥርዓተ ምህዳር በየዕለቱ አዲስ የፀሐይ ኃይል ካልገባለት ሊቀጥል አይችልም።

በዚህ ረገድ ኃይል ከንጥረ ነገሮች ይለያል። ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ካርቦን በዑደት ይዞራሉ። ከሞተ ዓሣ ወደ ውኃው፣ ከውኃው ወደ ዋቅላሚ፣ ከዋቅላሚ ተመልሰው ወደ ዓሣ ሊገቡ ይችላሉ። ኃይል ግን አንድ ጊዜ ብቻ ያልፋል። አንድ ቆሮሶ ሲዋኝ ያቃጠለው ኃይል ሙቀት ሆኖ ወደ ውኃው፣ ከውኃውም ወደ አየር ይሄዳል፤ ተመልሶ ምግብ አይሆንም።

ሕያዋን ኃይል በሚያገኙበት መንገድ በሦስት ይከፈላሉ፦

አምራቾች፦ ከፀሐይ ብርሃን የራሳቸውን ምግብ የሚሠሩ።
ተመጋቢዎች፦ አምራቾችን ወይም ሌሎች እንስሳትን የሚበሉ።
አፈራራሾች፦ የሞተ አካልንና ዓይነ ምድርን የሚያፈርሱ ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች።

እያንዳንዱ የመብላት እርከን «የምግብ ደረጃ» ይባላል። ደረጃዎቹ በአንድ መስመር ሲያያዙ «የምግብ ሰንሰለት» ይሆናሉ፤ ብዙ ሰንሰለቶች ሲጠላለፉ ደግሞ «የምግብ ድር» ይባላሉ።

የሐይቁ ሁኔታ

ጣና በኢትዮጵያ በስፋቱ አንደኛው ሐይቅ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሲሆን ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጥልቀቱ ግን ከስፋቱ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ እጅግ ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ዋና ዋና ገባር ወንዞቹ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ናቸው። የሚወጣው ወንዝ ዓባይ ብቻ ነው።

የጥልቀቱ ማነስ ለኃይል ፍሰቱ ሁለት ውጤት አለው። በአንድ በኩል ነፋስ ውኃውን እስከ ታች ስለሚያማስለው በሥሩ የተከማቸው ንጥረ ነገርና ከላይ ያለው ኦክስጅን ይቀላቀላሉ። በሌላ በኩል ያው ነፋስ የተኛውን ደለል ስለሚያስነሣ ውኃው ይደፈርሳል። የጣና ውኃ ብርሃን አሳላፊነት ዝቅተኛ ነው፤ ወደ ውኃው የሚወርድ ነጭ ሳህን ብዙውን ጊዜ 2 ሜትር ሳይደርስ ከዓይን ይሰወራል።

አምራቾች

በክፍት ውኃው ላይ ዋናዎቹ አምራቾች ፋይቶፕላንክተን የሚባሉት ተንሳፋፊ ጥቃቅን ዋቅላሚዎች ናቸው። ከነዚህም መካከል የብርጭቆ መሰል ሽፋን ያላቸው ዲያቶሞች እና ማይክሮሲስቲስ የተባለው ሰማያዊ አረንጓዴ ባክቴሪያ ይገኛሉ። እነዚህ በብርሃን አስተጻምሮ (ፎቶሲንተሲስ) አማካይነት ካርቦን ዳይኦክሳይድንና ውኃን በፀሐይ ኃይል አዋሕደው ስኳር ይሠራሉ፤ ኦክስጅንም ይለቃሉ። ኃይሉ በስኳሩ ውስጥ በኬሚካላዊ ትስስር ታስሮ ይቀመጣል።

በውኃው ላይ ከሚያርፈው የፀሐይ ኃይል በዚህ መንገድ የሚያዘው እጅግ ጥቂቱ ነው። በአብዛኞቹ ሥርዓተ ምህዳሮች ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ቀሪው ይንጸባረቃል፣ ውኃውን ያሞቃል ወይም ያተናል። አምራቾቹም ከያዙት ኃይል ከፊሉን ለራሳቸው ሕልውና ያቃጥሉታል። ከዚህ የሚተርፈው «የተጣራ ምርት» ይባላል፤ በሐይቁ ያሉ እንስሳት ሁሉ፣ አስጋሪውን ጨምሮ፣ የሚካፈሉት ይህን ትርፍ ነው።

በዳርቻው በኩል ደንገል፣ ቄጠማና ሌሎች የረግረግ ዕፀዋት ይበቅላሉ። ደንገል ፈጥኖ የሚያድግና ብዙ ኃይል የሚያከማች ተክል ቢሆንም ግንዱ ጠንካራ ስለሆነ በሕይወት ሳለ የሚበላው እንስሳ ጥቂት ነው። አብዛኛው ኃይሉ ወደ ሌሎች የሚተላለፈው ከበሰበሰ በኋላ ነው። የጣና ነዋሪዎች፣ በተለይም የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ፣ ደንገልን እያጨዱ ታንኳ ይሠሩበታል። ከዚህም ሌላ የደንገሉ ሥር ለዓሣ ጫጩቶች መጠለያ፣ ከእርሻ ለሚመጣው አፈር ደግሞ ማጣሪያ ነው።

ተመጋቢዎች

ተክል በሎች

የፋይቶፕላንክተን የመጀመሪያ ተመጋቢዎች ዙፕላንክተን የሚባሉ ጥቃቅን የውኃ እንስሳት ናቸው። በዚሁ ደረጃ ላይ የሚመገቡ ዓሦችም አሉ። ቆሮሶ (ቲላፒያ) በዋናነት ዋቅላሚና የበሰበሰ ተክል ይበላል። ቤሶ የተባለው ዓሣ ደግሞ በድንጋይ ላይ የበቀለውን ዋቅላሚ ይፍቃል። ከጣና ነጭ ዓሦች መካከልም የውኃ ዕፀዋትን የሚመገቡ ይገኙበታል።

ዙፕላንክተንና ታች ያሉ እንስሳትን የሚበሉ

ቀጣዩን ደረጃ ከሚይዙት መካከል ትናንሾቹ የባርበስ ዓሦች ይገኛሉ። በተለይ በክፍት ውኃ የሚኖረውና በጣና ብቻ የሚገኘው «ታናፔላጂየስ» ዙፕላንክተን ይመገባል። ይህ ዓሣ ርዝመቱ ከአንድ ጣት እምብዛም አይበልጥም፤ ለሳይንስ የተገለጸውም እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። መጠኑ ትንሽ ቢሆንም በሐይቁ የምግብ ድር ውስጥ ዋና ድልድይ ነው፤ የዋቅላሚው ኃይል ወደ ትልልቆቹ ሥጋ በል ዓሦች ከሚሻገርባቸው መንገዶች ዋነኛው በእርሱና በዘመዶቹ በኩል ያለው ነው። ሌሎች ዓሦች በሐይቁ ወለል ላይ ያሉ የትንኝ እጮችን፣ ትሎችንና ቀንድ አውጣዎችን ይበላሉ።

ዓሣ በል ዓሦች

በአማርኛ ነጭ ዓሣ ወይም ቢልጫ የሚባሉት የላቤዮባርበስ ወገን ዓሦች በጣና 15 ያህል ዝርያዎች እንዳሏቸው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተካሄዱ ጥናቶች አሳይተዋል። ከነዚህ አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1940 የተሰየመው ላቤዮባርበስ ጎርጎረንሲስ፣ ስሙን ያገኘው ከጎርጎራ ነው። ከ15ቱ 8 የሚሆኑት ሌሎች ዓሦችን ይበላሉ። የዚህ ቤተሰብ ዓሦች በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ ስለሌላቸው ዓሣ አዳኝ ሆነው መገኘታቸው በዓለም ላይ ያልተለመደ ነው። ከጣና የሚወጣው ውኃ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ስለሚወረወር ከታች ያሉ ዓሦች ወደ ሐይቁ ሊወጡ አይችሉም። ይህ መለየት በሐይቁ ውስጥ እያንዳንዱ ዝርያ የየራሱን የምግብ መንገድ ይዞ እንዲለይ ረድቷል።

አምባዛ በአንድ ደረጃ የማይወሰን ተመጋቢ ነው። ተክል፣ እጭ፣ ዙፕላንክተንና ዓሣ ያገኘውን ሁሉ ይበላል።

አዕዋፍ፣ ጉማሬና ሰው

ከላይኛው ደረጃ ላይ ዓሣ በል ንስር፣ ፔሊካን፣ ሌሎች የውኃ አዕዋፍና ሰው ይገኛሉ። ጉማሬ ግን የተለየ ሚና አለው። ሌሊት ወደ ዳርቻው ወጥቶ እስከ 40 ኪሎ ግራም ገደማ ሣር ይግጣል፤ ቀን ደግሞ በውኃው ውስጥ ይውላል፤ ኩሱንም እዚያው ይጥላል። በዚህ ሁኔታ በየብስ ላይ የተያዘ ኃይል ወደ ውኃው ይሻገራል። በተቃራኒው ንስርና አስጋሪ ከውኃው ያወጡትን ኃይል ወደ የብስ ያሻግራሉ።

አፈራራሾች

ሳይበላ የሞተ ዋቅላሚ፣ የወደቀ ደንገል፣ የሞተ ዓሣና ዓይነ ምድር ወደ ታች ይሰምጣል። ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች እያፈረሱት በውስጡ የቀረውን ኃይል ይጠቀማሉ፤ ንጥረ ነገሩን ወደ ውኃው ይመልሳሉ። ባክቴሪያዎቹን ጥቃቅን እንስሳት፣ እነርሱን እጮችና ትሎች፣ እጮቹን ደግሞ ዓሦች ስለሚበሏቸው የበሰበሰው አካል ራሱን የቻለ የምግብ ሰንሰለት መነሻ ይሆናል። የደንገልና የረግረግ ዳርቻ በሰፋበት ቦታ ይህ ሰንሰለት ከፍተኛ ድርሻ ይይዛል።

አፈራራሾች ሲሠሩ ኦክስጅን ይጠቀማሉ። የሚፈርሰው ነገር በአንድ ጊዜ ከበዛ በውኃው ያለው ኦክስጅን ያልቃል፤ ዓሦችም ይታፈናሉ።

የኃይል ፒራሚድ

ከአንድ የምግብ ደረጃ ወደ ቀጣዩ የሚሻገረው ኃይል በአማካይ 10 በመቶ ያህል ነው። ይህ ቁጥር ቋሚ ሕግ ሳይሆን ግምት ነው፤ እንደየሥርዓተ ምህዳሩ ይለያያል። ቀሪው 90 በመቶ ገደማ የሚሄድባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው፦ በትንፈሳ የሚቃጠለው፣ በልቶ ሳይፈጭ የሚወጣው እና ሳይበላ የሚሞተው።

የሚከተለው ስሌት ከጣና የተለካ ሳይሆን ሐሳቡን ለማስረዳት የቀረበ ነው። በውኃው ላይ 1,000,000 ኪሎ ካሎሪ የፀሐይ ኃይል ቢያርፍና 1 በመቶው ቢያዝ፦

ፋይቶፕላንክተን፦ 10,000 ኪሎ ካሎሪ
ዙፕላንክተን፦ 1,000 ኪሎ ካሎሪ
ትናንሽ ባርበስ፦ 100 ኪሎ ካሎሪ
ዓሣ በል ነጭ ዓሣ፦ 10 ኪሎ ካሎሪ
ነጭ ዓሣውን የሚበላ ሰው ወይም ንስር፦ 1 ኪሎ ካሎሪ

ዋቅላሚ የሚበላውን ቆሮሶ የሚመገብ ሰው ግን ከዚያው 10,000 ኪሎ ካሎሪ 1,000 ያህሉ ወደ ቆሮሶው፣ 100 ያህሉ ደግሞ ወደ እርሱ ይደርሳል። ስለዚህ ሰንሰለቱ ባጠረ ቁጥር ከአንድ ሐይቅ የሚገኘው ምግብ ይበዛል። ዓሣ በል ዓሦች በተፈጥሯቸው ቁጥራቸው ያነሰ እንዲሆን፣ ከመጠን በላይ ሲሰገሩም ቶሎ እንዲመናመኑ ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ንስር የሚያድን ሌላ ንስር የማይገኘውም በዚህ ደረጃ የሚቀረው ኃይል ተጨማሪ አዳኝ ሊያኖር ስለማይችል ነው።

የወቅቶች ለውጥ

በጣና የአምራቾች ሥራ በወቅት ይለዋወጣል። በክረምት ወንዞቹ ከደጋው የታጠበ አፈር ይዘው ስለሚገቡ ውኃው ይደፈርሳል። ከአፈሩ ጋር ንጥረ ነገር ቢመጣም ብርሃን ስለሚያንስ ዋቅላሚው ብዙ ሊጠቀምበት አይችልም። ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር አካባቢ፣ ደለሉ ሲረጋ ብርሃኑና ንጥረ ነገሩ ይገናኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የአያሌው ወንዴና የባልደረቦቹ ጥናት ከፍተኛው ምርት የተገኘው በዚህ ወቅት እንደሆነና ከማይክሮሲስቲስ መብዛት ጋር መግጠሙን አመልክቷል። በበጋ ደግሞ ንጥረ ነገሩ እየተመናመነ ምርቱ ይቀንሳል።

የዓሦቹም ኑሮ ከወቅቱ ጋር የተያያዘ ነው። ከነጭ ዓሦቹ በርካታ ዝርያዎች በክረምትና ከክረምት ማብቂያ በኋላ ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ፤ በሐይቁ ውስጥ ያከማቹትን ኃይል ለጉዞና ለዕንቁላል ያውሉታል።

በኃይል ፍሰቱ ላይ ያሉ ጫናዎች

ደለል

በሐይቁ ተፋሰስ ውስጥ የተራቆተ ተዳፋት በበዛ ቁጥር ወደ ውኃው የሚገባው አፈር ይጨምራል። ደለል የፀሐይ ብርሃንን ስለሚከለክል ጉዳቱ የሚጀምረው ከፒራሚዱ ሥር ነው፤ ከሥር የጎደለው ደግሞ በየደረጃው ይንጸባረቃል። በየዓመቱ ውኃው ሲሸሽ የሚታረሰው የባሕር ሸሽ መሬት ሲሰፋ አፈሩን የሚያጣራው የደንገል ዳርቻ ይጠባል። የከብት እበት ለማገዶ ኩበት ሲሆንም በውስጡ ያለው ኃይል በአንድ ጊዜ ሙቀት ሆኖ ይወጣል፤ ወደ መሬቱ ተመልሶ የአፈር ሕያዋንን መመገብ የሚገባው ይቀራል፤ አፈሩም ለመታጠብ ይበልጥ ይጋለጣል። ስለሆነም በደምቢያና በፎገራ ተዳፋት የሚሠራ እርከን ለእርሻው ብቻ ሳይሆን ለዓሣውም ጥቅም አለው።

እምቦጭ

ከደቡብ አሜሪካ የመጣው እምቦጭ በጣና መኖሩ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 (በ2004 ዓ.ም.) በሰሜናዊው ዳርቻ፣ በመገጭ መግቢያ አካባቢ ነው። አረሙ የፀሐይ ኃይልን በመያዝ ረገድ ደካማ አይደለም፤ እንዲያውም ምቹ ሁኔታ ሲያገኝ በሁለት ሳምንት ገደማ ራሱን ሊያጥፍ ይችላል። ችግሩ ኃይሉ የሚሄድበት አቅጣጫ ነው። ከብቶች አልፎ አልፎ ቢግጡትም በሐይቁ ውስጥ እምቦጭን በብዛት የሚበላ እንስሳ የለም። ከሥሩ ያለውን ውኃ ስለሚያጨልመው ዋቅላሚው ይቀንሳል፤ ሲሞት ደግሞ አፈራራሾች ኦክስጅኑን ይጨርሱታል። ስለዚህ ወደ ቆሮሶና ወደ ነጭ ዓሣ መሄድ የነበረበት ኃይል በብስባሽ ላይ ይቀራል። በተጨማሪም የታንኳና የመረብ መንገድ ይዘጋል።

የአካባቢው ሕዝብ አረሙን በዘመቻ በእጁ ሲነቅል ቆይቷል፤ ማጨጃ ማሽኖችም ሥራ ላይ ውለዋል። በምሥራቅ አፍሪካ በቪክቶሪያ ሐይቅ እምቦጭን የሚበሉ ጢንዚዛዎች በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ተለቅቀው ነበር። ይህ ዘዴ በኃይል ፍሰት ዓይን ሲታይ የተቋረጠውን ሰንሰለት በአዲስ ተመጋቢ መቀጠል ማለት ነው። የተነቀለው አረም በዳርቻው ላይ ከተተወ ንጥረ ነገሩ በዝናብ ታጥቦ ወደ ሐይቁ ይመለሳል፤ ከዳርቻው ርቆ ብስባሽ ማዳበሪያ ወይም ባዮጋዝ ከተሠራበት ግን ኃይሉም ንጥረ ነገሩም ጥቅም ላይ ይውላል።

ዓሣ ማስገር

እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ድረስ በጣና የሚሰገረው በአብዛኛው በደንገል ታንኳ፣ በዳርቻ አካባቢ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ሲገባ ክፍት ውኃውና የወንዝ መግቢያዎች ለማስገር ተከፈቱ። ለመራባት በወንዝ አፍ የሚሰበሰቡ ነጭ ዓሦች በቀላሉ ስለሚያዙ ጉዳቱ በእነርሱ ላይ በረታ። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 መካከል ላቤዮባርበስ በክብደት 75 በመቶ ገደማ መቀነሱን ተመራማሪዎች አስታውቀዋል። በፒራሚዱ ጫፍ ያሉ ዓሦች ሲመናመኑ መልሶ ለመተካት ብዙ ዓመት ይወስዳል፤ ከታች ወደ እነርሱ የሚደርሰው ኃይል ጥቂት ስለሆነ ነው።

የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የዓሣ ሀብቱ በዘላቂነት እንዲያዝ የሚያስችል ድንጋጌ ይዟል። ለኃይል ፍሰቱ ዋና ትርጉም ያላቸው እርምጃዎች ዓሦቹ በሚራቡበት ወቅት ከወንዝ አፎች መረብ ማንሣት፣ የመረቡን ዓይን ማስፋትና የደንገሉን ዳርቻ መጠበቅ ናቸው። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል።

ከሌሎች የኢትዮጵያ ሐይቆች ጋር ሲነጻጸር

በቢሾፍቱ አካባቢ የሚገኘው አረንጓዴ ሐይቅ ከጣና በእጅጉ ያነሰ ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ ጥናት በዚያ የተለካው የብርሃን አስተጻምሮ መጠን እጅግ ከፍተኛ መሆኑን አሳይቷል። ውኃው ጨዋማ ሲሆን ስፒሩሊና የተባለው ዋቅላሚ በብዛት ይገኝበታል። በስምጥ ሸለቆ ባሉ ጨዋማ ሐይቆች ትንሹ ፍላሚንጎ ስፒሩሊናን በቀጥታ ከውኃው ያጣራል። በመሆኑም ሰንሰለቱ ከዋቅላሚ ወደ ወፍ በአንድ እርምጃ ያልቃል፤ እጅግ ብዙ ወፎችንም ሊያኖር ይችላል። በጣና ግን ምርቱ ዝቅተኛ፣ ሰንሰለቶቹም ረጃጅምና የተጠላለፉ ናቸው። የዝርያው ብዛት ከፍተኛ ሆኖ ሳለ ሊሰገር የሚችለው ዓሣ መጠን የተወሰነ የሚሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

የሐሳቡ ታሪክ

እንግሊዛዊው የሥነ ምህዳር ሊቅ ቻርልስ ኤልተን እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመው መጽሐፍ የምግብ ሰንሰለትንና የቁጥር ፒራሚድን ሐሳብ አስፋፋ። «ሥርዓተ ምህዳር» የሚለውን ጽንሰ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1935 ያቀረበው አርተር ታንስሊ ነው። አሜሪካዊው ሬይመንድ ሊንደማን ደግሞ በሚኒሶታ የሚገኝን አንድ ትንሽ ሐይቅ አጥንቶ፣ ሕያዋንን በምግብ ደረጃ ከፍሎ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፈውን ኃይል አሰላ። ጽሑፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1942፣ እርሱ በ26 ዓመቱ ባረፈበት ዓመት ነው። ዛሬ በጣናና በሌሎች ሐይቆች የሚካሄዱ የምግብ ድር ጥናቶች በዚህ ሥራ ላይ የተመሠረቱ ናቸው።